የልጅ ጃኬት ለዘንድሮ ነው ወይስ ለከርሞ?

«ለከርሞም ይሁነው» ተብሎ ሁለት ቁጥር የተጨመረበት ጃኬት ዘንድሮ አያሞቅም። አንድ ቁጥር መጨመር ይበቃል። በአውሮፓ አሠራር በልጆች ልብስ ላይ የሚጻፈው 98፣ 104፣ 110፣ 116 የልጁ ቁመት ነው፣ በሴንቲሜትር። ልዩነቱ 6 ሴንቲሜትር ነው። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት የሚጨምረውም ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር የአንድ ዓመት እድገት ይይዛል። «4 ዓመት» የሚለውን ጽሑፍ ግን እርሱት፤ በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች በ10 ሴንቲሜትር ሊበላለጡ ይችላሉ።

ሲለካ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ግድግዳ ያስነካ። ደረቱን በብብቱ ሥር ሜትሩን ሳታጠብቁ አዙራችሁ ለኩ። ሞላ ያለ ልጅ ከሆነ በቁመቱ ሳይሆን በደረቱ ምረጡለት፤ የረዘመ እጅጌ ይታጠፋል፣ ደረት ላይ የጠበበ ዚፕ ግን መላ የለውም።

ስታስሞክሩት ወፍራም ሹራቡን ይልበስና ዚፑን እስከ አንገቱ ዝጉት። ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ወገቡ ከተራቆተ ጃኬቱ አጭር ነው። ራሱን ሲያቅፍ ጀርባው ላይ ከተወጠረ ጠቦታል፤ እጅጌው በዚህ ጊዜም የእጁን አንጓ መሸፈን አለበት። እጁን ሲያወርድ እጅጌው አውራ ጣቱ ሥር ቢደርስ ጥሩ ነው። ጣቶቹን ከዋጠ ግን የያዘው ሁሉ ያመልጠዋል።

የሚያሞቀው ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ረግቶ የተያዘው አየር ነው። የሰፋ ጃኬት ልጁ በሮጠ ቁጥር እንደ ወናፍ ይሠራል፦ የሞቀውን በአንገትና በወገብ ያስወጣል፣ ቀዝቃዛውን ይስባል። የታችኛው ጠርዝ በገመድ ወይም በላስቲክ የሚጠብቅ ከሆነ ችግሩ ይቀንሳል። የጠበበው ደግሞ ሙሌቱን ስለሚጨፈልቀው አየር የሚይዝበት ቦታ ያጣል፤ ብርዱ መጀመሪያ የሚሰማው ትከሻና ክርን ላይ ነው። ሙሌት የሌለው የዝናብ ልብስ ትንሽ ቢሰፋ ግን ግድ የለም።

ቆቡን ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ልጁ ወደ ጎን ሲዞር ቆቡ አብሮት ካልዞረ የሚያየው ገበሩን ነው፤ መንገድ ሲሻገር አደገኛ ነው። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ማጥበቂያ ገመድ ያለውንም አትግዙ፤ ሸርተቴ ላይ ሊይዘው ይችላል።