ድሃው ሰፈራችን በካርታ ላይ ሀብታም ሆኖ ተገኘ

ለማኅበረሰብ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ድጋፍ ልትጠይቁ ያሰባችሁ፣ በተለይ ቦታችሁ ድሃ ሰፈር ውስጥ ከሆነ፣ ቅጹን መሙላት ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

የእኛ ቦታ ወንዝ ዳር ያለ ረግረግ ነው። ጎርፍ ስለሚበዛበት ቤት የሠራበት የለም፤ ቆሻሻ መድፊያ ሆኖ ነው የኖረው። ማኅበር ማስመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ፈራሚዎችን መምረጥ ቀላል ነው። የመሬቱ ስምምነት መመላለስ ይጠይቃል እንጂ የተለየ ብልሃት የለውም፤ ብቻ ዘመኑ ከፕሮጀክቱ ዕድሜ እንዳያጥር ተጠንቀቁ። የወፎችና የዕፅዋት ዝርዝሩን አንድ የባዮሎጂ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ያወጣዋል።

ጉዱ ያለው «ቅድሚያ የሚሰጣቸው አካባቢዎች» የሚለው ገጽ ላይ ነው።

ለጋሹ ድርጅት ያወጣው የማመልከቻ ጥሪ «በኢኮኖሚ ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች ቅድሚያ ይሰጣል» ይላል። ይሄማ ለእኛው የተጻፈ ነው ብለን ደስ አለን። መልሱ ሲመጣ ሰፈራችሁ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ውስጥ አይደለም ይላል። ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደኔ አዙሮ ካርታ አሳየኝ። ድሃ የተባሉት ደማቅ ቀይ፣ የእኛ ፈዛዛ ቢጫ። ጠጋ ብዬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። የአስተዳደር ወሰኑ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል። ላይ የግንብ አጥር ያላቸው ቪላዎች፣ ታች ወንዙ ዳር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ የቆርቆሮ ክፍሎች። ድህነት የተሰላው በአማካይ ስለሆነ የላዮቹ ገቢ የታቾቹን እጦት ውጦት ቀርቷል።

«የቪላዎቹ ሰዎች እኮ ወደ ረግረጉ ዝር አይሉም፤ መንገዳቸውም በሌላ በኩል ነው» አልኩት።

«ይገባኛል፤ ግን ሲስተሙ ያወጣው ነው።»

ሲስተሙን ማን እንደሠራው ስጠይቀው አላወቀም። ማብራሪያ ልጻፍ ብል ቅጹ ላይ ያለችው ሣጥን ሁለት መስመር አትይዝም። አለቃውን ያነጋግሩ ተባልኩ፤ አለቃው ደግሞ «እርስዎን ከሰማን ሁሉም ይመጣል» አሉኝ። ይምጣ እንጂ! ለድሃ ሰፈር ብላችሁ የመደባችሁት ገንዘብ አይደለም እንዴ? እስካሁን ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ ደሜ ይፈላል።

እንግሊዝ አገር የሚሠራበት የእጦት መለኪያ አለ። ገቢን፣ ሥራን፣ ትምህርትን፣ ጤናን፣ ወንጀልን፣ የቤትና የአገልግሎት ችግርን፣ የመኖሪያ አካባቢን፣ በድምሩ 7 ዘርፎችን ይደምርና በአማካይ 1,500 ያህል ነዋሪ ለሚይዙ ትንንሽ ክፍሎች ደረጃ ያወጣል። ይህን ያህል አድቅቀው ለክተው እንኳ፣ ድሃ በተባለ ክፍል የሚኖር ሁሉ ድሃ አይደለም፣ ድሃ ባልተባለውም ድሃ አለ ብለው አዘጋጆቹ ያስጠነቅቃሉ። የእኛ ለጋሽ የለካው ክፍል ከዚያ እጥፍ ድርብ የሰፋ ነበር፤ ማስጠንቀቂያም የለው።

በካርታው መሟገት እንደማያዋጣ ሲገባኝ መለኪያውን ቀየርን። በዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ሰነዶች ላይ፣ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ አረንጓዴ ቦታ ማግኘት አለበት የሚል ምክር አለ። የእንግሊዝ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በዚሁ ርቀት ቢያንስ 2 ሄክታር፣ ለ1,000 ሰው ደግሞ 1 ሄክታር የአካባቢ ጥብቅ ሥፍራ ሊኖር ይገባል የሚል መስፈርት አውጥቷል። እኛም ከረግረጉ ዳር 300 ሜትር ለክተን በዚያ ውስጥ ያለውን ቤት ሁሉ ቆጠርን። ወጣቶቹ የተቆጠረውን በር በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል። አንዲት እናት በሩን ከፍተው ጠመኔውን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት «የምታፈርሱት መቼ ነው ልጆቼ?» ብለው ነው። ከዚያ በኋላ መዝጋቢ ከመላኩ አንድ ቀን ቀድመን ዓላማውን ማስረዳት ጀመርን። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

የራሳችሁ ቆጠራ ብቻውን አይበቃም፤ «ከገለልተኛ ምንጭ» ይሏችኋል። ከትምህርት ቤቱ ድጋፍ የሚያገኙትን ተማሪዎች ብዛት፣ ከጤና ጣቢያው ነፃ የሚታከሙትን ብዛት፣ ስም ሳይጠቀስ በደብዳቤ አስጽፉ። እነዚያ ሁለት ማኅተም ያለባቸው ወረቀቶች ከፕሮፖዛላችን ሁሉ በላይ ሠርተውልናል።

ሌላም ማንም የማይናገረው ነገር አለ። መመሪያው «የቦታችሁን የብዝኀ ሕይወት ልዩነት አጉልታችሁ አሳዩ» ይላል። እኔ አትስሙት እላለሁ። ብርቅዬ እንስሳ የሚገኘው ባብዛኛው ሰው ካልደረሰበት ቦታ ነው፤ ድሃ ሰፈር ውስጥ የቀረው መሬት የተጎዳ መሬት ነው። በብርቅዬነት ከተወዳደራችሁ ትሸነፋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በሞንትሪያል የጸደቀውን ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት ማዕቀፍ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ለ3ኛው ግቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2030 ከመሬቱም ከባሕሩም 30 በመቶውን መጠበቅ። እናንተ 12ኛውን ጥቀሱ፤ ሰው በታጨቀባቸው ከተሞች የአረንጓዴና የውኃ ቦታዎችን ስፋት፣ ጥራትና ተደራሽነት ስለማሳደግ የሚናገር ነው። በቀጣዩ ዙር ያለፍነው በዚሁ፣ በተደራሽነት ዘርፍ ገብተን ነው።

ለጋሽ ስትመርጡም ቅድሚያውን ከየት እንደሚያወጣ ቀድማችሁ እወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ (ለአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ተቋም) የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ለምሳሌ በየአገሩ ስትራቴጂ ያወጣና ትኩረት የሚያደርግባቸውን መልክዓ ምድሮች ይመርጣል። ጥሪው ሲወጣ ምርጫው አልቋል። ስለዚህ ማንበብ ያለባችሁ ጥሪውን ሳይሆን ስትራቴጂውን ነው፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሲዘጋጅ ስብሰባው ላይ ተገኙ። መጻፍ ለማይሆንላቸው ማኅበረሰቦች በቪዲዮ የተዘጋጀ ፕሮፖዛል መቀበሉም የታወቀ ነው፤ ይህን የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው።

በመጨረሻ የጥበቃ ደመወዝ። መመሪያው «መደበኛ ወጪ አይሸፈንም» ይላል። ለምልክት ሰሌዳና ለሥልጠና ይሰጣሉ፣ ሌሊት ቆሻሻ ሊደፋ የሚመጣውን ጋሪ የሚመልስ ሰው ግን አይከፈለውም። ሰሌዳው ጋሪ አይመልስም! እኛ ጥበቃችንን ወፍ መለየት አስተማርነው፤ በየማለዳው ያየውን በመዝገብ ያሰፍራል፣ ደመወዙም «የሥነ ምኅዳር ክትትል» በሚለው መደብ ተያዘ። ኦዲተሩ ይህን ሰው የቀጠራችሁት ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ መዝገቡን አቀረብኩለት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይህቺኛዋ ወፍ ምንድን ናት?» አለኝና ፈረመ።