ከራሴ ካሜራ ለመደበቅ ስሞክር

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። አንድ ሰውዬ ጨርቅ ይከናነብና ሙቀትን ከሚያየው ከቴርማል ካሜራው ስክሪን ላይ እልም ይላል። "በቃ፣ የማይታይ ወታደር ተሠራ!" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ "የእኛ ደብተራዎች ድሮ ይሰወሩ የለ እንዴ፣ ምኑ ነው አዲሱ?" ብሎ አሳቀን።

እኔ ወዲያው አልተከራከርኩም። ካሜራው መኪናዬ ውስጥ ነበር።

ሥራዬ ቤት መፈተሽ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አካባቢውን እየዞርኩ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚያደርግ ሙሌት) የጎደለው ግድግዳ፣ ሙቀት የሚያሾልክ መስኮት በቴርማል ካሜራ እፈልጋለሁ። ባለቤቱ "ቤቴ ደህና ነው" ይላል፣ ካሜራው ሌላ ይላል። ስንት ዓመት ከዚህ ዕቃ ጋር ስኖር ግን ሰው ከእሱ መደበቅ ይችል እንደሆነ ሞክሬ አላውቅም። በዚያው ሳምንት ጀመርኩ።

ዕቃውን ለማያውቀው ትንሽ ላስረዳ። ቴርማል ካሜራ ብርሃን አይፈልግም። ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ዓይን የማያየው ጨረር ይለቃል። ጨረሩን መጀመሪያ የደረሰበት ዊልያም ሄርሼል ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በተነና ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ምንም በማይታይበት ቦታ፣ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጣ። የእኛ ገላ በብዛት የሚለቀው የሞገዱ ርዝመት 9 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ የሆነውን ጨረር ነው። የእኔ ካሜራ ደግሞ የሚያየው ከ8 እስከ 14 ያለውን። እንግዲህ ለእሱ እያንዳንዳችን የበራ አምፖል ነን።

የሙከራ ቦታዬ ጓሮዬ ነበር። ካሜራ ያዡ የእህቴ ልጅ ነው፣ የ16 ዓመት ጎረምሳ። ፎቅ ላይ ወጥቶ ልክ እንደ ድሮን ቁልቁል እንዲያየኝ ነገርኩት። እኔ ታች ቆሜያለሁ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዷል። ገና ምንም ሳልከናነብ ስልኬ ጮኸ። "ጋሼ፣ ጠፋህ! የለህም!" ደነገጥኩ። ቀጠለና "ግን ሌላ ሰው ይታየኛል" አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ለካ በርዶት መስኮቱን ዘግቶታል። መስታወት ለእኛ ዓይን ክፍት ይሁን እንጂ ለቴርማል ካሜራ ግድግዳ ነው። ልጁ ሲያየው የነበረው የራሱን ነጸብራቅ ነው። ስቀን ስንጨርስ መስኮቱ ተከፈተ። የቤቱም ሙቀት አብሮ ወጣ። የዚያን ወር የጋዝ ሂሳብ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። የሰው ቤት ሙቀት አስጠብቆ የሚበላ ሰው የራሱን ሲያፈስ ያስቃል መሰለኝ።

መጀመሪያ ትልቁን ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል አጠለቅሁ። በዓይን ብታየው ምንም አያሳልፍም። ካሜራው ግን እንደሌለ ቆጠረው፤ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ጨረሩ ሰንጥቆት ያልፋል። "እጅህን አጣጥፈህ ቆመሃል" አለኝ ልጁ ከላይ።

ቀጥዬ ያንን መኪና ውስጥ ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን ብርማ ብርድ ልብስ ለበስኩ። ቪዲዮው ላይ የነበረው ጨርቅም የእሱ ዘመድ ይመስለኛል። እውነትም ገላዬ ጠፋ። በምትኩ ግን ጓሮው መሀል ጥቁር ጉድጓድ ተከፈተ። ፎይል የራሱን ሙቀት እምብዛም አይለቅም፣ እንደ መስታወት ፊት ለፊቱ ያለውን ያንጸባርቃል። ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ ደመና የሌለበት የኮሎራዶ ሰማይ ነው። ካሜራዬን ወደዚያ ሰማይ ሳዞረው ከዜሮ በታች 40 ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ሰው የሚያህል የበረዶ ሐውልት ቆሟል ማለት ነው። "ጋሼ፣ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ትታያለህ" አለኝ።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የምፈልገው ለመጥፋት ነበር። ለካ የሚያስፈልገኝ ሣሩን መምሰል ነው። ከሣሩ በላይ ብሞቅም ከሣሩ በታች ብቀዘቅዝም ያው እያዛለሁ። በዩክሬን ጦርነት ከድሮን በተቀረጹ ቪዲዮዎች ላይ ይህንኑ አይቻለሁ። ሙቀት ይደብቃል የተባለ ካባ የደረቡ ወታደሮች ሜዳው ላይ እንደ ጥላ ጠቁረው ሲሄዱ ይታያሉ። ሻጩ የነገራቸው ግማሹን ነው።

እማዬ ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። በረንዳ ላይ ወጥታ ስታየኝ ቆየችና "አንተ ልጅ፣ በዚህ ብርድ ፌስታል ለብሶ መዞር ጤና ነው? ይልቅ ይህን ደርብ!" ብላ ጋቢዋን ወረወረችልኝ። ደረብኩት። ፊቴን ሸፍኜ ቁጢጥ አልኩ። ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ "የት ሄድክ?" አለ። በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጋቢ ድርብርብ ጥጥ ነው፣ በመሀሉ አየር ይይዛል። ውስጡ ሲሞቅ ውጪው ገና ቀዝቃዛ ነው። ችግሩ ጊዜ ነው። 10 ደቂቃ ሲሞላ ትከሻዬ ላይ፣ ጨርቁ ገላዬን የነካበት ቦታ፣ ሁለት ነጠብጣብ ብቅ አሉ። ከዚያ ጉልበቴ። ከዚያ በአንገቴ በኩል የሚያመልጠው ሙቀት። እየቆየሁ በሄድኩ ቁጥር እንደ ፎቶ ታጥቤ ወጣሁ።

በሌላ ቀን አራት እንጨት ተከልኩና ወፍራም አንሶላ ከላዬ ወጠርኩ፣ ከራሴ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ። ሥሩ ተኛሁ። ግማሽ ሰዓት ቆየሁ፣ ከላይ ምንም አልታየም። ጨርቁ አልነካኝም፣ ነፋስ በመሀል ያልፋል፣ ጨርቁም ሣሩም ያንኑ ሰማይ እያዩ እኩል ይቀዘቅዛሉ። ገንዘብ ያፈሰስኩበት ሁሉ ከሽፎ የሠራው ይህ ነው።

ትልልቆቹም ኩባንያዎች የሚሸጡት ይህንኑ ሐሳብ አራቅቀው ነው። የስዊድኑ ሳብ ባራኩዳ የሚለው መረብ አለው፤ ዓይንን፣ ሙቀትንና ራዳርን በአንድ ላይ ለማታለል የታሰበ ነው። የአሜሪካ ጦር በፈረንጆቹ 2018 ፋይብሮቴክስ ከተባለ የእስራኤል ኩባንያ ጋር እስከ 480 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የ10 ዓመት ውል የገባው ለእንዲህ ዓይነት መሸፈኛ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የእንግሊዙ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ቢኤኢ ሲስተምስ በ2011 ያሳየው አዳፕቲቭ የሚባለው ነው። የብረት ለበሱን ጎን ባለ ስድስት ማዕዘን ሰሌዳ ያለብሱታል። እያንዳንዱ ሰሌዳ በፍጥነት ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል። በዙሪያው ያለውን ሙቀት አንብቦ ይመስላል፣ ሲፈልግ ደግሞ በቴርማል ካሜራ ተራ የቤት መኪና ሆኖ ይታያል። እስስት በሉት።

አንድ ልብስ ለሁሉም ቦታ የሚለውን ግን አትመኑ። የአሜሪካ ጦር በ2004 ለበረሃም፣ ለጫካም፣ ለከተማም ይሆናል ብሎ ግራጫማ ባለ ነጠብጣብ ዩኒፎርም ያዘ። ለሁሉም ተብሎ የተሠራው የትኛውንም ሳይመስል ቀረ። በ2010 አፍጋኒስታን ለሚሄዱት ወታደሮች ሌላ መስጠት ጀመሩ፣ በ2019 ጨርሶ ወጣ።

ጋቢውን አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሞከርኩት፣ በጡብ ግድግዳው ሥር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ጡብ ነው። ጋቢዬ ትንሽ ሞቆ ነበር፣ ጡቡም እንደዚያው። ልጁ ሙሉ በሙሉ አጣኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ጋቢ፣ እንደ ጧፍ በራሁ። ጡቡ ቀዝቅዟል፣ እኔ አልቀዘቀዝኩም። የዓይን ቀለም ቢሆን ጠዋት የመሰለው ማታም ይመስላል። ሙቀት ግን በየሰዓቱ ይለዋወጣል።

ከጦር ስልት አንጻር ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ንጉሠ ነገሥቱ ለዘማቹ ያወጡት ትእዛዝ አለ። ድንኳን በዋሻና በዛፍ ሥር፣ ተራርቆ ይተከል። አውሮፕላን ሲመጣ ከሜዳው ውጡ። ወርቀ ዘቦውን ተዉት፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ልበሱ። ይህ ሁሉ የሰው ዓይን ከላይ ለሚያይበት ጊዜ ነው፣ ዛፍና ደብዛዛ ሸሚዝ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን ያ ዓይን በጨለማ የሚያይና ርካሽ ሆኗል። እኔ ሥራ ስጀምር አሮጌ መኪና የሚያወጣ የነበረው ካሜራ አሁን ስልክ ላይ የሚሰካው በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ስለዚህ ሠራዊት አንድ ቦታ አከማችቶ በድንገት መምታት ከባድ ሆኗል። ዩክሬን ውስጥ ወታደር በሁለትና በሦስት ተበታትኖ የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። ከትእዛዙ ውስጥ "ተራርቃችሁ ስፈሩ" የሚለው አላረጀም።

መደበቅ ሲከብድ ደግሞ ማታለል ያዋጣል። ዩክሬኖች በ2022 ከእንጨት የሠሩት የውሸት ሂማርስ (የአሜሪካ ሮኬት ማስወንጨፊያ መኪና) ከሩሲያ ቢያንስ 10 የካሊበር ሚሳይል እንዳስተኮሰ ባለሥልጣኖቻቸው ተናግረዋል። እንጨት ለሚሳይል ጥሩ ንግድ ነው። ሩሲያም በ2023 የጦር አውሮፕላኖቿ ክንፍ ላይ የመኪና ጎማ ደርድራ በሳተላይት ታየች። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ ግን ሞኝነት አይደለም። የሚመጣው ድሮን ወይም ሚሳይል በምስል አመሳስሎ የሚፈልግ ከሆነ ጎማ የለበሰ ክንፍ ከተሰጠው ምስል ጋር አይገጥምለትም። መሸሸጉ ከሰው ዓይን ብቻ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው።

ለጓደኞቼ ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ቡና ላይ አወራሁላቸው። ቪዲዮ ያሳየን ሰው "እና ያ ሰውዬ ውሸቱን ነው?" አለኝ። ውሸት አይደለም። ለዚያች ደቂቃ፣ በዚያ ቦታ፣ ለዚያ ካሜራ ጠፍቷል።

የመጨረሻው ቀን እማዬ ራሷ ካሜራውን ልያዝ አለች። በጋቢ ተጠቅልዬ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ለ20 ደቂቃ። ተነሳሁና ቤት ገባሁ፣ ጋቢዋን ልመልስላት። አጠገቧ ስቆም አሁንም ጓሮውን እያየች ነው።

"አንተ እዚህ ነህ፣ ታዲያ እዚያ የተቀመጠው ማነው?" አለችኝ።

አየሁት። የተቀመጥኩበት ሣር ነጭ ክብ ሆኖ እያበራ ነበር፣ በቀስታ እየደበዘዘ።