የገና ማታ የምትከፈተው ሻንጣ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። በሩቅ አገር ያላችሁም፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ከታኅሣሥ ውርጭ ጋር የከረማችሁም፣ ቤታችሁ ይሙቅ፤ ቆሎና ጠላው አይጉደልባችሁ።

እኔ ቤት ገና ሁለት ጊዜ ይገባል። አንዴ ሌሊት፣ ቤተ ክርስቲያን። አንዴ ደግሞ ማታ፣ ሸክላ ማጫወቻው ላይ የተጣለው ነጠላ ሲነሳ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጾም ዘፈን አታስከፍትም ነበር። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ አሮጌ ነጠላዋን አጥባ ማጫወቻውን ታለብሰዋለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ገና የሚነካው የለም። እሷ ካረፈች በኋላም ሕጓን አልሻርኩትም። ጆሮም ጾሞ ሲፈታ ጣዕም ያውቃል። 43 ቀን ዝም ብሎ የከረመ ጆሮ የመጀመሪያዋን ሸክላ ሲሰማ፣ ሌላ ጊዜ የሚያመልጡኝ ነገሮች ሁሉ ይሰሙኛል፤ ነፊው ሳክስፎኑን ከመንፋቱ በፊት የሚስበው አየር እንኳ ሳይቀር።

ሸክላዎቹ የእናቴ ታናሽ ወንድም ንብረት ነበሩ። እኛ ልጆቹ ጋሼ ነበር የምንለው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ደመወዝ የተቀበለ ሰሞን አውቶቡስ ተሳፍሮ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ሲመለስ ብብቱ ሥር አንዲት ሸክላ አለች። አንዳንዴ ሁለት። የወረቀት ልባሳቸው ሲቀዳደድበት ከፋብሪካ ባመጣው ቁራጭ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቆርቆሮ ሻንጣ ውስጥ ደረደራቸው። ዛሬም አንዷን ሳወጣ ቀይ የሱፍ ብናኝ ይዛ ትመጣለች። በለስላሳ ጨርቅ ዙሪያዋን ደጋግሜ እጠርጋታለሁ፤ ቢሆንም ዘፈኑ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ መርፌው ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ጭራ ተንጠልጥላ አያታለሁ። ትንንሾቹ ሸክላዎች መሃላቸው ሰፊ ቀዳዳ ስለሆነ ጋሼ ከወይራ እንጨት ድቡልቡል መሙያ ጠርቦላቸዋል። ከ40 ዓመት በላይ ያገለገለች እንጨት ናት፤ ጥቁር ሆና ጠርዟ ያበራል።

ጋሼ በደስታ የሚያወራው ስለ ዘፋኞቹ ብቻ አልነበረም። ሸክላዋ ራሷ እንዴት እንደተገኘች ያስረዳን ነበር። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህን እያወቀ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ ገባበት። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳው ድምፅ ህንድና ሊባኖስ ድረስ ሄዶ ሸክላ ሆኖ ይመለስ ነበር። ልጅ ሆኜ ይህ አይገባኝም ነበር። አሁን ግን አንዷን በእጄ ስይዝ የተጓዘችውን መንገድ አስባለሁ፤ ባህር ተሻግራ መጥታ፣ በአውቶቡስ ሸኖን አልፋ፣ በቁራጭ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ እኛ ቤት አልጋ ሥር ገባች።

ስለ ሳክስፎን ነፊው ጌታቸው መኩሪያ ሳላነሳ ገናን ማለፍ አልችልም። ጌታቸው የይፋት ልጅ ነው፤ 1927 ዓ.ም የተወለደ። በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ከዚያ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ትልቁ ሥራው ግን ሽለላን ከአርበኛ ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን ማስገባቱ ነው። የእኛ አገር ሰው ሽለላን በሠርግና በለቅሶ ያውቀዋል። ሸላዩ ቃሉን ሲጨርስ ድምፁን አያቋርጠውም፤ እያንቀጠቀጠ እስከ ትንፋሹ ጫፍ ይወስደዋል። ጌታቸው ያንን መንቀጥቀጥ በሳክስፎኑ አፍ ባለችው ሸንበቆ ላይ አስቀመጠው። ውጭ አገር ያሉ አዋቂዎች ነፃ ጃዝ ከሚሉት ጋር ያመሳስሉታል። እኔ ግን ስሰማው የሚታየኝ ጣርማበር ላይ ጉም ሲገለጥና ቆላው ከታች ወለል ሲል ነው።

በአካል ያየሁት በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ነው። ዕድሜው ሰባን አልፎ ነበር። ለምድ ደርቦ፣ ራሱ ላይ ጎፈር አድርጎ ወጣ። አብረውት የነበሩት የሆላንድ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ዘ ኤክስ የሚባሉት የፓንክ ሙዚቃ ባንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አብረውት ሞዓ አንበሳን የሠሩት። ጊታሮቹ ሲጮኹ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ለእኔ ጌታቸው የጋሼ ሻንጣ ውስጥ ያለው ለስላሳው ሸክላ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያውን ረጅም ድምፅ ነፋ። አጠገቤ የቆመ የማላውቀው ሰው ክንዴን ያዘኝ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልለቀቀኝም፣ እኔም አላስለቀቅሁትም። ያ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ከእነዚያ ሁሉ ጊታሮች በላይ ብቻውን ቆሞ ይሸልል ነበር። መጋቢት 2008 ዓ.ም ማረፉን ስሰማ ያንን የማላውቀውን ሰው ፈልጌ ላጽናናው ተመኘሁ።

የጃዝ ክበቡን ጃዝአምባንም አይቻለሁ፤ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ፣ በ2007 ዓ.ም ጥር ወር በእሳት ሳይወድም። ግዮን ግቢ ባለው አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ ደግሞ አንድ አርብ ማታ ሙላቱ አስታጥቄን ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ቫይብራፎኑን የሚመታባቸው ዘንጎች ብረቱን ነክተው ሲነሱ ድምፁ ከእነሱ በኋላ ይቆያል፤ እግሩ ፔዳሉን ሲለቅ ይጠፋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶቻችን ሥር የጃዝን አሥራ ሁለት ድምፅ ሲያነጥፍ ቅኝቱ አይሰበርበትም። ይህን ያደረገ ሰው በአገሬ መወለዱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን ስለ ከተማችን ልጅ ልንገራችሁ። ባለፈው ጥቅምት፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ከጠባሴ ወደ ቤት ባጃጅ ተሳፈርኩ። ስልኬ ላይ «ቼ በለው» ከሚለው የዋልያስ ባንድ አልበም አንዱን እየሰማሁ ነበርና ባጃጁን የሚነዳው ልጅ፣ «ፋዘር፣ የፈረንጅ ነው?» አለኝ። «የለም ልጄ፣ ኦርጋኑን የሚጫወተው ሃይሉ መርጊያ ነው። የተወለደው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው» አልኩት። ባጃጁን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። «እዚህ? ደብረ ብርሃን?» ስልኬን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አስጠጋው። ዘፈኑን እስከ መጨረሻ ሰምቶ ነው መንገዳችንን የቀጠልነው።

ልጁ ባለማወቁ አልፈርድበትም። ማን ነገረው? ሃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚህ ተወልዶ በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ ሄደ፤ አኮርዲዮን ራሱን በራሱ አስተማረ። ከዋልያስ ጋር ሂልተን ለዓመታት ተጫወተ። በሰዓት እላፊው ዘመን የምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል። ጋሼ አንድ ሌሊት እንዲህ አድሮ በማግስቱ በአውቶቡስ ቆሞ ተኝቶ እንደመጣ እስኪሞት ያወራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ ሃይሉ እዚያው ዋሽንግተን ቀረና ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ እያወጣ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ይዞ የቀዳትን «ሸሞንሟናዬ» አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካሴት ቤት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አወጣት። ሃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም ሠራ።

እኔ ሃይሉን በአካል አላየሁትም። አንድ ቀን እዚሁ ከተማ መድረክ ላይ ባየው ሌላ ምኞት የለኝም። ጋሪ ፈረሶቹ አስፋልቱን እየረገጡ በሚያልፉበት ጎዳና «ቼ በለው» ሲባል መስማት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ሸክላ ፍለጋ ብዙ ዞሬያለሁ። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ሬዲዮ ሬሳ መሃል አግኝቻለሁ፤ ከቁራሌ ገዝቻለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ግን ወደ መንዝ መንገድ አንድ ዘመዳችን ቤት ያየሁት ነው። የጠላው ጋን አፍ ላይ ሸክላ ተከድኗል። አሻሮ ተጋግሮበት፣ ጠርዙ ተሸርፎ። ባለቤቲቱን «እትዬ፣ ይህን ይስጡኝ፣ ደህና መክደኛ ላምጣልዎ» ብዬ ወሰድኩት። ለብ ባለ ውሃ ሳጥበው የአምሃ ምልክት ወጣ። አንደኛው ገጹ ሞቷል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ተርፎ ነበር፤ እሷኑ ሁለት ደቂቃ ስንት ጊዜ ሰማኋት።

ሸዋ ሮቢት ደግሞ አንድ ሙሉ ሳጥን አለ ተብዬ በጣርማበር ዋሻ ቁልቁል ወርጄ ነበር። ቆላ ነው፤ ሳጥኑ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ዓመታት ከርሞ ሸክላዎቹ እንደ ምጣድ ዳቦ ተጎብጠዋል። አንዷን ብሞክራት መርፌው ወጣ ወረደ፤ ዘፋኙም አብሮ ወጣ ወረደ። ያን ቀን ባዶ እጄን ዳገቱን ስወጣ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው።

ከውጭ መጥተው ሸክላዎቻችንን በውድ ገዝተው የሚሄዱ አሉ። ለጋሼ ሻንጣም ጠያቂ መጥቶ ነበር፤ አልሸጥኩም። ሰዎቹን ግን አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው፣ የድሮ ዘፈኖቻችንን በሲዲ ያወጣው የኢትዮፒክስ ስብስብ ባይኖር ብዙው ሙዚቃ ለእኛው ልጆች አይደርስም ነበር። እኛ የጋን መክደኛ ያደረግነውን ሌላው አንስቶ ከሰማው፣ ቢያንስ ተሰማ። የሚያሳዝነኝ ሸክላ ኖሮ የሚሰማበት ቤት መጥፋቱ ነው። በየስልካችን በየጆሮአችን ለየብቻ እንሰማለን። ጋሼ ሸክላ ሲያዞር ጎረቤት ሁሉ ይገባ ነበር፤ የሚቀመጥበት ያጣው በር ላይ ይቆማል።

ለዚህ ነው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ገና ማታ በሬን የምከፍተው። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይፈላል፣ ነጠላው ይነሳል። አንድ ዓመት የጌታቸው ሽለላ እየዞረ መብራት ሄደ። ማጫወቻው ወዲያው አይቆምም። ሳክስፎኑ እየወፈረ፣ እየዘገየ፣ የሽማግሌ ጉሮሮ መሰለና ጨለማው ውስጥ ጠፋ። ማንም አልተናገረም። ከጥግ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ የመንዝ ሰው ናቸው፣ ሰማንያን የዘለሉ፣ «ዘራፍ!» አሉና ሳክስፎኑ ከቆመበት ተቀበሉት። ያንኑ መንቀጥቀጥ፣ እስከ ትንፋሽ ጫፍ። ሻማ ተለኩሶ ስናያቸው ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ዘንጋቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል።

ዘንድሮም ይመጣሉ፤ እግራቸውን አሟቸዋልና የባጃጁ ልጅ ያመጣቸዋል፤ ተነጋግረናል። እሱም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ሸክላው ሲዞር ይቀዳል፣ ታክሲ ተራ ላይ ያሰማበታል። መጀመሪያ የምናስቀምጠው ሃይሉን ነው፣ ከዚያ ጌታቸው፤ የጋን መክደኛዋንም ሁለት ደቂቃዋን እናሰማታለን። ከማታ 12 ሰዓት ጀምሮ ቤት ነኝ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ብቅ በሉ፤ ሲመሽ ብርዱን ታውቁታላችሁና ጋቢያችሁን አትርሱ።

መልካም ገና!