ሰውን ጅብ አድርጎ መመለስ፦ እንዴት እንደጻፍኩት

ከሁሉ በፊት የሠራሁት ክብደት ማመዛዘን ነው። ባለታሪኬ እህል ነጋዴ ናት፤ 62 ኪሎ ትመዝናለች፤ ሌሊት ጅብ ትሆናለች። ያደገ ዥጉርጉር ጅብ በአብዛኛው ከ45 እስከ 80 ኪሎ ስለሚመዝን ስትለወጥ የሚተርፍም የሚጎድልም ሥጋ የለም። ንስር ላድርጋት ብል ግን 5 ኪሎ ወፍ በርሮ ሲሄድ የቀረው 57 ኪሎ የት ገባ? ተረት ጸሐፊ "አስማት ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ማምለጫ የለውም። አንድ ኪሎ ቁስ ሙሉ በሙሉ ወደ ኃይል ቢለወጥ 21 ሜጋቶን ያህል ፍንዳታ ይወጣዋል። 57 ኪሎው ሶቭየቶች በ1961 እ.ኤ.አ. ካፈነዱት፣ 50 ሜጋቶን ይሆናል ከሚባለው ቦምብ ከ20 እጥፍ በላይ ይሆናል። ንስሯ ክንፏን ሳትዘረጋ አገር ይጠፋል።

ሴት ያደረግኳትም በምክንያት ነው። በዥጉርጉር ጅቦች ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውን የምትገዛውም እሷ ናት። ቀን ገበያ ላይ ዋጋ የምትቆርጥ ሴት ሌሊትም አለቃ ሆና ታድራለች።

ቡዳ ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው በባለ እጆች ላይ ነው፤ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ ጎንደር አካባቢ ደግሞ በቤተ እስራኤላውያን ላይ። ያንን እንዳለ መድገም ስንፍናም በደልም ነው። እኔ ጥርጣሬውን ጎረቤቷ ለሆነችው ሸክላ ሠሪ፣ ጅብነቱን ለነጋዴዋ ሰጠሁ። አንባቢው እምነቱን ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ማብራሪያ ገጽ አልፈጀብኝም። ሳልነግረው ሸክላ ሠሪዋን ይጠረጥርልኛል።

መለወጧን ከመጻፌ በፊት አካሏን ከራስ እስከ እግር በሁለት ዓምድ አሰፈርኩት፣ በግራ ሰው፣ በቀኝ ጅብ። ጅብ የሚሄደው በጣቶቹ ነው። በኋላ እግሩ ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለን ተረከዙ ነው። ስለዚህ "ጉልበቷ ወደ ኋላ ተሰበረ" የሚለው፣ በየታሪኩ የሚገኘው ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው። የሚሆነው ተረከዟ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣቱ ነው፤ ጉልበቷማ ሆዷ ሥር ተጠግቶ እንደ ድሮው ወደ ፊት ይታጠፋል። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይረዝማል፤ የእኛ ተቃራኒ ስለሆነ ክንዷ መርዘም፣ ጭኗ ማጠር አለበት። በእያንዳንዱ እግር ላይ ደግሞ አራት ጣት ብቻ አለ። አውራ ጣት የለም።

ትዕይንቱን በሙሉ የተከልኩት እዚያች አውራ ጣት ላይ ነው። ከሁሉ ቀድማ እንድትጠፋ አደረግኩ፦ "መቀርቀሪያውን ሳበችው። እንጨቱ ከመዳፏ ሾለከ። መልሳ ስትይዘው የዞሩበት አራት ጣቶች ብቻ ናቸው።" ከዚህ በኋላ ሕጉ ራሱ ታሪክ ይሠራል። በሩን ሳትለወጥ መክፈት አለባት፣ ከወጣች በኋላ ልትዘጋው አትችልም፣ ስለዚህ በወጣች ሌሊት ሁሉ ቤቷ ክፍቱን ያድራል። ጎረቤት የሚያየው ይህንን ነው። መለወጡ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዝርዝር የጻፍኩት አንዴ ብቻ፣ በ150 ቃላት ገደማ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አጥንት ሲንቋቋ ለሦስተኛ ጊዜ የሚያነብ ሰው ገጽ ይዘላል።

ትልቁ ችግር ግን ሆዷ ነው። ብዙ ጸሐፊ የሚረሳውም እሱን ነው። ዥጉርጉር ጅብ በአንድ ማዕድ 14 ኪሎ ያህል ሊበላ ይችላል፣ አጥንቱንም ፈጭቶ ይውጣል፤ ኩሱ የሚነጣው ከአጥንቱ በሚወጣው ካልሲየም ነው። የሰው ጨጓራ ግን በአንድ ማዕድ በአብዛኛው የሚይዘው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ነው። ጠግባ የበላች ጅብ ያኔውኑ ሰው ብትሆን ምን ይከተላል? ወይ ትፈነዳለች፣ ወይ ሥጋው በተአምር ይጠፋል፤ ይጠፋል ካልኩ ደግሞ የክብደት ሕጌ እዚያው ፈረሰ። ስለዚህ ሳትፈጭ መመለስ እንዳትችል ከለከልኩ፣ ለመፍጨትም ስምንት ሰዓት ወሰንኩላት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከበላች እስከ ጠዋቱ ሁለት ጅብ ናት፤ የእህል ገበያው የሚቆመው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ተርባ ከተመለሰች ሰው ፊት በጊዜ ትደርሳለች፤ ከጠገበች ቀን ይይዛታል። ሙሉ ጨረቃን ሰዓት ያላደረግኩት ለዚህ ነው፤ ጨረቃ ወጣች አልወጣች ባለታሪኳ የምትወስነው ነገር የለም። እዚህ ግን እያንዳንዷ ጉርሻ ውሳኔ ናት።

ስለ ስሜት ሕዋሳት አጭር ነኝ። ጅብ ቀይን ከአረንጓዴ በደንብ ስለማይለይ በጅብ ምዕራፎች ውስጥ "ቀይ" የሚል ቃል የለም፤ ደም በጠረኑ ይታወቃል። የጅብ ሳቅም ደስታ አይደለም፣ ሲዋከብና ሲጨነቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ጅቧን በፌዝ የሚያስቃት ጸሐፊ ጅብ አያውቅም።

ትዝታዋስ? በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አባጨጓሬዎችን አንድን ሽታ እንዲሸሹ በኤሌክትሪክ ንዝረት አሠልጥኖ ነበር። በመጨረሻው የአባጨጓሬነት ደረጃቸው የሠለጠኑት የእሳት እራት ሆነውም ሽታውን ሸሹ፤ ቀደም ብለው የሠለጠኑት ግን ረሱት። እኔም ከዚያ ወሰድኩ፦ ነጋዴዋ ጅብ ስትሆን የዛሬዋን ጠላቷን ታውቃለች፣ ልጅነቷን አታስታውስም። በዚህ የተነሣ የገዛ እናቷን በጠረኗ አትለይም።

በአገራችን ተረት በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ይገኛል። እሱን ወደ ሕግ ቀየርኩት፤ ሥጋ ይለወጣል፣ ብረት አይለወጥም። ጉትቻዋን የጠቀስኩት አንዴ ብቻ፣ በጤፍ ዋጋ ክርክር መሐል ነው። ጎልቶ ከተጻፈ አንባቢ መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ረቂቁን ላነበቡልኝ "ወደዳችሁት ወይ?" አላልኩም። "ጅብ ሆና ማድረግ የማትችለውን ሦስት ነገር ጥቀሱልኝ" አልኩ። መጥቀስ ያቃታቸው ሕግ ወረቀቱ ላይ የለም ማለት ነው። ማብራሪያ ከመጨመር ይልቅ ያንን ነገር ስትሞክር አቅቷት የሚያሳይ አንድ ድርጊት አስገባሁ።