ቡሄ በድሬዳዋ፦ ሊጡም ልጆቹም አይጠብቁም

ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ላይ ሙልሙል ልጋግር ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከሊጡ ጋር ነው። አዲስ አበባ ያለች አክስት በስልክ «ሁለት ማንኪያ እርሾ አርጊበትና ሸፍነሽ አሳድሪው» ትላለች። እሷ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ፣ በነሐሴ ብርድ ውስጥ ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ሙቀት ያደረ ሊጥ ጠዋት ሲገለጥ ከሳፋው ፈስሶ፣ ሆምጥጦ፣ ጠላ ጠላ እየሸተተ ነው የሚገኘው። ሐረሮች መሃል ላይ ናቸው፤ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆኑ የአክስቲቱን መጠን ትንሽ ቀነስ አድርገው ሊሠሩበት ይችላሉ። የድሬ ሰው ግን የራሱ ሒሳብ አለው።

ሒሳቡ ይኸውና። ግማሽ ኪሎ ፊኖ፣ ግማሽ ኪሎ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ (ሁለት አይደለም)፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ስኳር፣ ሦስት ዘይት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ውሃው አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉና የሌላው ሩብ ነው፤ ዱቄቱ ሻካራ ከሆነ ትንሽ ይጨመርበታል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ለብ ያለ ውሃ የሚባለው ለደጋ ሰው ነው፤ ድሬ ላይ ቀትር ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ራሱ ለብ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከእንስራ ወይም ከፍሪጅ ይቀዳ። ጨው እንዳይረሳ፤ ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን የእርሾውን ሩጫ የሚገታው እሱ ነው። ጨው የተረሳበት ሊጥ ፈጥኖ ያብጥና ምጣድ ላይ ሲወጣ ይተኛል።

ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይገባበትም። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ መካከል ነው፤ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ይህን የሚረሳ የለም ይባላል፤ ግን ከዳቦ ቤት የሚገዛ ሰው ላዩ ያብረቀረቀውን ዳቦ ሲያይ እንቁላል ተቀብቶበት እንደሆነ ይጠይቅ።

ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር ይሻላል። ልጆች በር ማንኳኳት የሚጀምሩት ከ11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ሁለት መቶ ግራም የሚሆኑ ስምንት ሙልሙሎች ይወጣሉ። ምጣድ ላይ በአንድ ጊዜ ሦስት ቢቀመጡ ሦስት ዙር ነው፤ አንዱ ዙር 25 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ 7 ሰዓት ላይ ይቦካ፣ 15 ደቂቃ በደንብ ይታሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥላ ውስጥ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጥ። መድረሱን ለማወቅ ጣት ትንሽ ይጠለቅበታል፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ተንፍሶ ከወረደ አልፎበታል። ያለፈበት ሊጥ አይጣልም፤ አንድ እፍኝ ዱቄት ተጨምሮበት እንደገና ታሽቶ ወዲያው ይቀረጻል፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ብቻ ያርፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ ድቡልቡል አድርጎ ይደረድራል። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ እስኪበስሉ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ሰዓት ገደማ ይጠብቃሉ፤ ድሬ ላይ አንድ ሰዓት ብዙ ነው። ሦስት ሦስት ብቻ ይቀረጽ፤ የተረፈው ሊጥ ሳፋው ውስጥ ተሸፍኖ ቀዝቃዛ ቦታ ይቆይ፣ ካበጠም አንዴ በቡጢ ይተንፍስ።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ዳቦው ከመቀመጡ በፊት ትንሽ ዱቄት ይበተንበት። ወዲያው ከጠቆረ ምጣዱ ለዳቦ አይሆንም፤ ነቅሎ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሥሩ ያረረና ሆዱ ሊጥ የሆነ ሙልሙል የሚመጣው ከዚህ ችኮላ ነው። ከዳቦው ሥር የሚነጠፍ ኮባ ካልተገኘ የሙዝ ቅጠል ይበቃል፤ እሳት ላይ ለብ ተደርጎ ሲለሰልስ አይሰነጠቅም። አክንባሎው ይገጥም፣ በ12ኛው ደቂቃ ገደማ ዳቦው ይገልበጥ። የበሰለ ሙልሙል ሥሩ ሲመታ እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። መብራት ከሄደ (ነሐሴ 12 ማታ ከሄደ አይገርምም) ብረት ድስት ከታች ጥቂት ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ብዙ ፍም ተደርጎበት ይሠራል። ብዙው ፍም ላይ፣ ጥቂቱ ታች፤ ተገልብጦ ከሆነ ከሰል ነው የሚበላው።

ልጆቹ ሊጥ ሲነሳ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ስለዚህ ያችን ሰዓት ተኩል ለወንጌሉ ማዋል ነው። ማቴዎስ 17 ከቁጥር 1 እስከ 9፣ ዘጠኝ ቁጥር ብቻ። ከዚያ በላይ ከተነበበ ትንሹ ልጅ ወደ ሊጡ ሄዶ ጣቱን ይከታል። ሦስት ልጆች ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ይሁኑ፤ መጋረጃ ይዘጋ፤ አንዱ ታላቅ ከነጭ ነጠላ በስተኋላ የስልኩን ባትሪ ያብራ። ነጠላው ሲያበራ ትንንሾቹ የሚያሳዩት ፊት ከሁሉም ስብከት ይበልጣል። ከዚያ ጥያቄ፦ ከጌታ ጋር ተራራው ላይ የታዩት ሁለቱ እነማን ናቸው? ጴጥሮስ ስንት ዳስ እንሥራ አለ? ከደቀ መዛሙርቱ ከተራራው ሥር የቀሩት ስንት ናቸው? የመጨረሻው ትልልቆቹንም ያሳስታቸዋል፤ ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ሲወጡ ዘጠኝ ይቀራሉ። መልስ ያገኘ የመጀመሪያውን ትኩስ ሙልሙል ይቆርሳል።

«ጾም ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ ምን ይሉታል?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ቡሄ ማለት ደብረ ታቦር ነው፣ ከዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት አንዱ፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ናት በጾሙ መካከል የምታከብረው። ደግሞ ጴጥሮስን ማየት ነው፦ «በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው» ያለው ደስ ብሎት መውረድ ያስጠላው ሰው ነው። የሚናገረውን እንኳ እንደማያውቅ ሉቃስ ጽፎበታል፤ ቢሆንም ስለ ደስታው የገሠጸው የለም። ጭፈራውን ከበዓሉ ነጥሎ «የልጆች ነገር» የሚል ሰው ዳቦውን፣ ችቦውንና ጅራፉን ትርጉም አልባ ያደርጋቸዋል። በአባቶች ትውፊት ዳቦው ጌታ ተራራው ላይ ሲያበራ በታየው ብርሃን ቀኑ ገና የመሰላቸው እረኞች ሜዳ ላይ ሲቀሩ ወላጆቻቸው ያደረሱላቸው ስንቅ ነው፤ ችቦውም ፍለጋ ሲወጡ የያዙት። ይህን ለልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻላል፣ ችቦ እየታሰረ።

ችቦውን በተመለከተ ድሬ ላይ የሚገኘው ቀጭን ጭራሮ ወይም ካለፈው ዓመት የተረፈ ደረቅ የማሽላ አገዳ ነው። አገዳ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ መሃሉ ላይ ጭራሮ ቢገባበት ዕድሜ ያገኛል። ለልጅ ከአንድ ሜትር አይነስ፣ በልጁ እጅ የሚጨበጥ ውፍረት ይኑረው፣ ከላይ ጀምሮ በየስንዝሩ በልጥ ወይም በቀጭን ሽቦ ይታሰር። በፕላስቲክ ገመድ የታሰረ ችቦ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ጋዝ ወይም ቤንዚን አይርከፈከፍበትም፤ የማይነድ ችቦ እርጥብ ነው፣ መድኃኒቱም ከሁለት ቀን በፊት ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ልጁ ችቦውን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ ይያዝ፤ ቀጥ አድርጎ ከያዘው ፍሙ እጁ ላይ ይወርዳል። የነጠላው ጥለት ወደ ኋላ ይታሰር፤ ናይለን ቀሚስ ያደረገች ልጅ ችቦ አትያዝ። አጠገብ አንድ ባልዲ አሸዋ፤ አሸዋ ድሬ ላይ በነፃ ነው።

ስለ አሸዋ ከተነሣ፣ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ሰፊ ሜዳ ሲመስል ልጆች ችቦ ይዘው እዚያ መውረድ ይወዳሉ። ከላይ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ግን አይወርዱም። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው የዘነበው ይመጣል፤ የ1998ቱ ጎርፍም የመጣው በዚሁ ክረምት፣ ሌሊት ነበር። ግቢ ወይም የሰፈሩ መንገድ ይበቃል።

ጅራፍ የሚገምድ ሰው እየጠፋ ነው፤ በእሱ ፈንታ ርችት መጥቷል። ርችት ጣትና ዓይን ይወስዳል፣ ሕፃን ያስደነግጣል፣ ትርጉምም የለውም። የጅራፍ ጩኸት ግን ከደመናው የመጣው ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። አሠራሩም ከባድ አይደለም። ቃጫ ወይም ልጥ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ደረቁን የገመደ ሰው በሦስተኛው ምት ይበጠስበታል። በሦስት ጉንጉን ይጀመራል፤ ከእጀታው በኩል አውራ ጣት ያክላል፣ ሁለት ሜትር ገደማ ሲደርስ እንደ ጫማ ማሰሪያ ይቀጥናል፣ ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ክር ይቀጠላል። ምሥጢሩ መቅጠኑ ነው። ጉልበቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሸጋገር ጫፉ እየፈጠነ ሄዶ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፤ «ጧ» የሚለው ያኔ ነው። ዳር እስከ ዳር እኩል የወፈረ ጅራፍ ጎረምሳ ቢያወዛውዘውም «ፉት» ብሎ ይቀራል። በሚያጮኸው ልጅ ዙሪያ የጅራፉን እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ ይኑር፤ ከላይ የመብራት ሽቦ አለመኖሩም ይታይ።

ሆያ ሆዬው ላይ ከአምስት እስከ ስምንት ልጅ ጥሩ ቁጥር ነው። ከሦስት ካነሱ ተቀባይ ይሳሳል፣ ከአሥር ከበዙ ክፍፍሉ ጠብ ነው። ድምፁ ጎላ ያለ አንድ አውራጅ፣ የሚታመን አንድ ገንዘብ ያዥ፣ ዳቦ የሚሸከም አንድ ልጅ አስቀድሞ ይመረጥ። አውራጁ የቤቱን ሰው ስም ቢያውቅ ግጥሙ ይሰምርለታል፤ እናቶች ከመውጣታቸው በፊት «የእነ እትዬ ቤት ልጅ ወልደዋል፣ የጋሼ ቤት አዝነዋልና አትጨፍሩ» ብለው ይንገሯቸው። ዱላው አፈር ላይ ይመታ፤ የሰው ሴራሚክ ላይ የመታ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት በር አይከፈትለትም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ወደ ቤት።

በር ለሚከፍተው ሰው ደግሞ አንድ ነገር። ቁልቢ ሐምሌ 19 ካለፈ ገና 23 ቀኑ ነው፣ ኪስ ስስ ነው፤ ይገባል። ግን «ዳቦ የለም» ብሎ አሥር ብር አውጥቶ በሩን ከመዝጋት ግማሽ ሙልሙል ሰጥቶ፣ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ቆሞ መስማት ይሻላል። ልጆቹ ሲመርቁ አቋርጦ መግባት ነውር ነው፤ ለዳቦው የሚከፍሉት በምርቃት ነውና። ከቡድኑ መካከል አቡበከር ወይም ፈቲያ የሚባል የጎረቤት ልጅ ቢገኝ ድሬ ነው፤ አቦ፣ ዒድ ላይም የክርስቲያኑ ልጅ እነሱ ቤት ነው የሚውለው። ዳቦውም የጾም ስለሆነ ለማንም አይከብድም። ትርጉሙን ከጠየቀ ይነገረዋል፤ ካልጠየቀ ይጨፍር።

ነሐሴ 13 ለመቁረብ የተዘጋጀ ልጅ ካለ ማታ «ትንሽ ቅመስ» አይባልም፤ የሱ ሙልሙል በስሙ ተቀምጦ ከቅዳሴ በኋላ ይሰጠዋል። ፍልሰታ ሕፃናት በብዛት የሚጾሙትና የሚቆርቡት ጾም ስለሆነ ይህ በብዙ ቤት ያጋጥማል። ሰዓቱን የንስሐ አባት ይናገራሉ።

የክርስትና ልጅ ያለው ሰው ከስምንቱ አንዱን ከመጀመሪያው ለብቻ ያኑር፤ ማታ የሚመጡት ቡድኖች ሁሉንም ይጨርሱታልና። ሳቢያን ያለ ሰው ልጁ ገንደ ቆሬ ከሆነ በባጃጅ ይደርሳል፤ ዳቦውን ግን ትኩሱን ፌስታል ውስጥ አይሰር። ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ በዚህ ሙቀት በማግስቱ ይሻግታል። ከምጣድ ወርዶ ግማሽ ሰዓት ወንፊት ላይ ይተንፍስ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይሂድ።