ቢ1 ላይ ቢ2 መደረብ

በአውሮፓው የአውሮፕላን ጥገና ላይሰንስ ደንብ፣ በፓርት 66፣ የቢ1 ንዑስ ምድብ የሆነው ቢ1.1 ላይሰንስ ያለው ኢንጂነር በተርባይን አውሮፕላን አካል፣ በሞተር፣ በሜካኒካልና በኤሌክትሪክ ሲስተሞች ላይ ለተሠራ ጥገና ፈርሞ አውሮፕላኑን ለአገልግሎት ይለቃል። ቢ2 የኤቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ) እና የኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ የጋራ ስለሆነ ድንበሩ እሱ ላይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሁለቱ በእርግጥ የሚለያዩት ግን ቀላል ፍተሻ አብቅቶ ብልሽት ፍለጋ ሲጀመር ነው።

ቢ1 የኤቪዮኒክስ ሣጥን ቀይሮ መፈረም ይችላል፤ ሥራው በቀላል ፍተሻ የሚረጋገጥ ከሆነ። ቀላል ለመባል ፍተሻው በማኑዋሉ ከ10 እርምጃ መብለጥ የለበትም (አውሮፕላኑን ለፍተሻ ማዘጋጀትና ወደነበረበት መመለስ አይቆጠርም)። በኮክፒት ማብሪያዎች፣ አውሮፕላኑ ራሱን በሚፈትሽበት ሲስተም ወይም ልዩ ሥልጠና በማይጠይቅ መሣሪያ የሚሠራ መሆን አለበት። ውጤቱም ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፣ አለበለዚያ በተፈቀደ ወሰን ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። ትርጓሜ ካስፈለገው ቀላል አይደለም።

የቪኤችኤፍ ሬዲዮን እንውሰድ። አብራሪው ድምፁ ደክሞ እንደሚሰማ ቴክ ሎግ (የአውሮፕላኑ የብልሽት መዝገብ) ላይ ጻፈ። ትራንሲቨሩን (የሬዲዮውን ሣጥን) ቀይሮ ከማማው ጋር መነጋገር ቢ1 የሚችለው ነው። አዲሱም ሣጥን ያንኑ ካመጣስ? ቀጣዮቹ ተጠርጣሪዎች አንቴናው፣ ውሃ ገብቶ የዛገ ኮኔክተር ወይም የተጎዳ ኮአክሲያል ኬብል ናቸው። ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል ለክቶ ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት ብልሽት ፍለጋ ነው፤ ቢ1 እጁን ይሰበስባል። ሌሊት በሩቅ ጣቢያ ቢ2 ከሌለና ኤምኢኤሉ (ምን ተበላሽቶ መብረር እንደሚቻል የሚዘረዝረው ሰነድ) ካልፈቀደ አውሮፕላኑ ያድራል። ሁለት ላይሰንስ ያለው ሰው የሚፈለገው ለዚህ ሌሊት ነው። ሁሉም ሙያተኛ ባለበት ትልቅ ሃንጋር ውስጥ ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም።

ከቢ1.1 ወደ ቢ2፣ ከቢ2ም ወደ ቢ1.1 ለመሻገር 1 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ተገቢውን የፓርት 147 (የተፈቀደ የጥገና ማሠልጠኛ) ኮርስ ለጨረሰ በግማሽ ይቀንሳል። ወደ ቢ2 የሚሄድ ሰው ሞጁል (የፈተና ክፍል) 13ን እና 14ን፣ እንዲሁም 4ን እና 5ን በቢ2 ደረጃ ይፈተናል። ከባዱ 13 ነው፤ አውቶፓይለት፣ ናቪጌሽን፣ ኢንስትሩመንት ሁሉ እዚያ ታጭቋል። ወደ ቢ1.1 የሚመጣው ደግሞ 11፣ 15 እና 17 ይጠብቁታል፤ በሞጁል 6 እና 7 በሁለቱ ምድቦች መካከል ያለውን ልዩነትም ይፈተናል። ማለፊያው 75 በመቶ ሲሆን ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ውጤት አይያዝም።

ብዙ ማመልከቻ የሚመለሰው ግን በፈተና ሳይሆን በሎግ ቡክ (የሥራ ልምድ መዝገብ) ነው። ዓመቱን ሙሉ ሣጥን አውጥቶ ሣጥን ያስገባ ሰው የቢ2 ልምድ አለኝ ቢል አይታመንም። የሽቦ ጥገና፣ የፒቶ ስታቲክ ሊክ ቴስት (የፍጥነትና የከፍታ መለኪያ የአየር ቧንቧዎች አለማፍሰስ ፍተሻ)፣ የአውቶፓይለት ፍተሻ፣ በዲያግራም የተፈለገ ብልሽት መታየት አለበት፤ እያንዳንዱም ከቀን፣ ከአውሮፕላኑ መለያ፣ ከሥራ ትዕዛዝ ቁጥርና ከፈራሚው ፊርማ ጋር። በየቀኑ ካልተሞላ፣ ኋላ ላይ ፈራሚ ማሳደድ ነው።

ላይሰንሱ ላይ ቢ2 ቢጻፍም በትልቅ አውሮፕላን ላይ ለመፈረም ታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ የአውሮፕላን ዓይነት የሚሰጥ ፈቃድ) በቢ2 እንደገና ያስፈልጋል። ከ30,000 ኪሎ ግራም በላይ ለሆነ አውሮፕላን ሙሉው ቲዎሪ ቢያንስ ለቢ1.1 150፣ ለቢ2 100 ሰዓት ነው። በአዲሱ ምድብ የመጀመሪያው ታይፕ ስለሆነ የሥራ ላይ ልምምድም አለው፤ ኮርሱም ልምምዱም ከማመልከቻው በፊት ባሉት 3 ዓመታት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ከዚያ በኋላም ድርጅቱ ለሰውየው በሚሰጠው የፈራሚነት ፈቃድ ላይ ቢ2ን ካልጨመረ ፊርማው አይሠራም።

አለቆች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ለበረራ ደኅንነት ወሳኝ በሆነ ሥራ፣ ለምሳሌ የበረራ መቆጣጠሪያ ኬብል ሲገጠም፣ ገለልተኛ ምርመራ የሚያደርገው ሥራውን ያልሠራ ሌላ ብቁ ሰው ነው። ባለሁለት ላይሰንሱ በቢ1 ሠርቶ በቢ2 ራሱን ሊመረምር አይችልም። የራስን ሥራ በድጋሚ መፈተሽ የሚፈቀደው ባልታሰበ ሁኔታ ሌላ ሰው ሲታጣ ብቻ ነው፤ በፕሮግራም ላይ አንድ ሰው መድቦ «ባልታሰበ» ማለት አይቻልም።

ወደ አሜሪካ የሚያስብ አንባቢ ይህን ስሌት ይዞ አይሂድ። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) ሰርተፊኬት ሬቲንጎች ኤርፍሬም (የአውሮፕላን አካል) እና ፓወርፕላንት (ሞተር) ናቸው፤ በልምድ ለሚመጣ ለአንዱ 18፣ ለሁለቱ 30 ወር ይጠየቃል። ቢ2ን የሚተካ የኤቪዮኒክስ ሬቲንግ እዚያ የለም።