ስም የሌላት ፖስታ

ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። እማ ተኝታለች፤ ነገ ጠዋት ቀጠሮ አላት። እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ፖስታ ትቼ መነሣት አቃተኝ። መዳፍ አትሞላም። ላይዋ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «1×2» ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። የመድኃኒቱ ስም የለም፣ ሚሊግራሙ የለም፣ የተገዛበት ቀን የለም። ውስጧ ሰባት ነጫጭ ክብ ኪኒኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው መሐላቸው ላይ ቀጭን መስመር አላቸው።

መሐሉ ላይ መስመር ያለው ነጭ ክብ ኪኒን ስንት ዓይነት ነው? ፓራሲታሞል እንዲህ የሚመስል አለ፤ ፕሬድኒሶሎንም አለ። አንዱን ዛሬ ውጦ ነገ ቢተውት ምንም አይመጣም። ሌላው ለሳምንታት ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥ ሰው ይጥላል።

ነገ ሐኪሙ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» መልሱንም አውቃለሁ፤ «ኧረ የለም ልጄ።» ይሄ ውሸት አይደለም። በእኛ አፍ መድኃኒት ማለት ሐኪም ያዘዘው ነው። ዲክሎፌናክ «ማስታገሻ» ነው፤ ኦሜፕራዞል «ለጨጓራዬ» ነው፤ ፊት ላይ የሚቀባው «ክሬም» ነው፤ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው ሁሉ «ቫይታሚን» ነው፤ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራውማ ከምግብ ይቆጠራል። ጥያቄው «ሲያምዎት ከቤት፣ ከፋርማሲ፣ ከጎረቤት ምን ወሰዱ?» ቢሆን ኖሮ ስንቱ ነገር በወጣ ነበር። ጥያቄው እስኪታረም ግን መልሱን ማስፋት የታካሚው ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ብዙ ጊዜ የማስበው የግፊትና የጉልበት ሕመምተኞችን ነው። ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዞላቸው በሥርዓት ይውጣሉ። ጉልበታቸው ሲጠዘጥዛቸው ደግሞ ራሳቸው የገዙትን ዲክሎፌናክ ይጨምሩበታል፤ 50 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ለወራት። ዲክሎፌናክ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ግፊቱ አልወርድ ይላል። ሐኪሙ ይለካል፣ 160 በ100 ያገኛል፣ «አልሠራም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል ወይም ሌላ ኪኒን ይደርባል። የሚያስፈራኝ ግን ኩላሊቱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ በተለይ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የሰውነት ውኃ ማነስ ሲጨመርበት ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊዳከም ይችላል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ዘመድ የሚያመጣው አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፤ አሊቭ ደግሞ ናፕሮክሲን፣ የዚያው ቤተሰብ። ይህ ሁሉ «ለጉልበቴ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ጨጓራም ላይ እንዲሁ ነው። ኤች ፓይሎሪ ለተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የሰገራ ምርመራ ይታዘዛል፤ ታካሚው ግን እስከ ትናንት ማታ ኦሜፕራዞል ሲወስድ ነበር። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ያዳክመዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል፣ እያለ። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከኦሜፕራዞል፣ አራት ሳምንት ደግሞ ከማንኛውም አንቲባዮቲክ መራቅ ያስፈልጋል። ማቋረጥ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ የሚደማ ቁስል ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጠው ሌላ መዘዝ ያመጣል።

አንቲባዮቲክን በተመለከተ፣ ከልጁ የተረፈች ሦስት ፍሬ አሞክሳሲሊን እንኳ የደም ወይም የሽንት ካልቸርን፣ ባክቴሪያው አድጎ የሚታይበትን ምርመራ፣ ባዶ ልታስቀር ትችላለች። ሕመሙ ውስጥ አለ፣ ላብራቶሪው ምንም አላገኘም። ለሳል የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን የባሰ ነው፤ መድኃኒቱ የቲቢን ባክቴሪያም ስለሚነካ ሰውየው ትንሽ ይሻለዋል፣ አክታው ሲመረመር ሊያመልጥ ይችላል፣ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል፤ እስከዚያ ቤተሰቡ ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል።

ሰው አፍሮ የሚደብቀው ደግሞ አለ። ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል የገባ ወንድ ሲልደናፊል (ቪያግራ) መውሰዱን ካልተናገረ፣ ከምላስ ሥር የሚሰጠው የልብ መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን ግፊቱን ሊደፋው ይችላል። ሲልደናፊል ከሆነ 24 ሰዓት፣ የዚያው ቤተሰብ የሆነው ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት ናይትሮግሊሰሪን አይሰጥም። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ስለሆነ ብቻ ዝም የሚል ሰው እንዳለ ሳስብ ሆዴ ይባባል። «ዶክተር፣ ለብቻዎ ላናግርዎ» ማለት ይቻላል፤ ማንም ሐኪም ይህን ሲሰማ ሰው ያስወጣል። መናገር ካልሆነለት ስልኩ ላይ ጽፎ ማሳየት ይበቃል።

ለመወፈር የሚወሰድ ዴክሳሜታዞን፣ ለፊት ማቅያ ተብሎ የሚሸጥ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ክሬም... እነዚህን መናገር ከሁሉም ይከብዳል፤ መናገሩ የሚያስፈልገው ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርጉ፣ ትኩሳትን ሊሸፍኑ ይችላሉ። ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ሊያቆም ስለሚችል፣ ከሳምንታት በኋላ በድንገት ሲተዉ ድካም፣ ትውከት፣ የግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ይህን ለማደንዘዣ ሐኪሙ ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ መተኛት የለበትም። አንዳንዱ «ንጹሕ ሆኜ ልቅረብ» ብሎ ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀድሞ ሁሉንም ይጥላል። ይሄ እንኳን አይደረግ። እየወሰዱ ሄዶ እየወሰድኩ ነው ማለት ይሻላል።

ሐኪሙ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ስሙን፣ ሚሊግራሙን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ መቼ እንደተጀመረና የመጨረሻው በስንት ሰዓት እንደተዋጠ። ስሙ ካልተያዘ ማሸጊያውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ከማሸጊያው ኪኒን ስንቆርጥ ስምና ሚሊግራም የተጻፈበትን ጫፍ መጨረሻ ላይ ማስቀረት፤ በፖስታ ከተሰጠን ደግሞ እዚያው ፋርማሲው በር ላይ ቆመን «ስሙን ይጻፉልኝ» ማለት። ፓናዶል፣ ታይሌኖልና ፓራሲታሞል በሦስት ስም የሚጠራ አንድ መድኃኒት መሆኑን የማያውቅ ሰው የጉንፋን ኪኒን ጨምሮበት በቀን ከሚፈቀደው 4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ፣ ሳያስበው ያልፋል። ጉበት በመጀመሪያው ቀን አያሳብቅም፤ ማርከሻው ደግሞ በደንብ የሚሠራው ከተዋጠ በስምንት ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ይህን ሁሉ ተናግሮ እውነቱን ያወጣ ሰው ግን ምን ይጠብቀዋል? ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙም ደክሞታል፤ «ማን አዘዘልዎ?» የሚለው ቃል ከአፉ ሊያመልጥ ይችላል። በዚያ ድምፅ አንዴ የተሸማቀቀች እናት በሚቀጥለው ቀጠሮ ፖስታዋን ከቦርሳዋ ታወጣለች?